የእናኑ የመጨረሻ ዋንጫ

ትናንት በረዶው ሲያባራ ደጅ ብወጣ፣ የተቀጠቀጠው የድንች ቅጠልና የባሕር ዛፍ ቅጠል አንድ ላይ ሸተተኝና እዚያው ዘፍ አልኩ። አንቺም «እማማ፣ ምን ሆኑ? በረዶው አዳለጠዎት እንዴ?» ብለሽ ደግፈሽ አስገባሽኝ፤ እኔም አዎ አልኩሽ። አላዳለጠኝም ልጄ። ዛሬ ደብተርሽን ይዘሽ የድሮ ነገር ይንገሩኝና ልጻፍ ስላልሽኝ ነው እንጂ፣ ይኸን ነገር ለአባትሽም ጨርሼ አልነገርኩት።

በረዶ ለእናንተ በረዶ ነው፤ እኔ ባደግሁበት፣ እዚያ ይጁቤ አጠገብ ገጠር ውስጥ፣ በረዶ የሰው ጥፋት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ብሆን ነው፤ አንድ ጎረቤታችን ጤፉ በአረም ቢዋጥበት ጊዜ፣ በሚካኤል ቀን፣ ሰው ሁሉ ነጠላውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ እሱ ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲያርም ታየ። ሳምንት አልቆየም በረዶው ሲወርድ፤ የሱን ብቻ ቢያጠፋ ጥሩ፣ የመንደሩን እህል በሙሉ መሬት ላይ አስተኛው፤ ያን ቀን የሸተተኝ የተቀጠቀጠ ቅጠል ሽታ ነው እንግዲህ እስከ ዛሬ የሚከተለኝ። ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ተቀምጠው፣ እሳት አይሰጠው፣ ከብቱ ከከብታችን አይቀላቀል ብለው ሰውየውን ለዩት። ሚስቱ በማግሥቱ በገል እሳት ልትጭር መጣች፤ እናቴ በሩን ዘጋችባት። እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ሆኜ ሴትዮዋ ባዶ ገሏን ይዛ ቆማ ቆማ ስትመለስ አየሁ። በበዓል ቀን እጁን ያነሣ ሰው ራሱን ብቻ ሳይሆን የሚወደውንም ሁሉ ያስቀጣል የሚለው ነገር፣ ያን ቀን በአጥንቴ ገባ፤ ማንም አላስተማረኝም።

ይኸን ይዤ ነው አድጌ፣ ተድሬ፣ ደብረ ማርቆስ የገባሁት። አያትሽ ቶሎ ሞቱ፤ ጥጥ እየፈተልኩ አባትሽን አሳደግሁ፤ እናኑን አሳደግሁ። እናኑ አክስትሽ ናት፤ የጡት ማርገፊያዬ፣ የመጨረሻ ልጄ። አንቺ አልደረስሽባትም።

ትንሽ ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ታመመች፤ ዝንጅብል በማር ሰጠኋትና ዳነች ብዬ ተውኩት። ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ፤ እሱም ሲሻላት ትንፋሿ ማጠር ጀመረ። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ አዳምጦ፣ የልቧ በር አይገጥምም፣ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንዳትሮጥ፣ ሸክም እንዳትሸከም አለኝ። ልጅን አትሩጭ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያልያዘው አያውቀውም። እኔ ከጓዳ ሆኜ ጆሮዬ ደጅ ነው፤ የሩጫ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር «እናኑ!» ብዬ እጮኻለሁ፤ እሷ ደግሞ «እምዬ፣ ዶሮዋ ናት!» ትለኛለች። በኋላ በኋላ ዶሮዋም ስትሮጥ እየደነገጥሁ፣ አንድ ቀን ተናድጄ አረድኳትና እናኑ ሳምንት ሙሉ ሳቀችብኝ።

ሰባተኛ ክፍል ላይ የትምህርት ቤቱን ዳገት መውጣት አቅቷት ቤት ዋለች። ጎበዝ ነበረች እኮ፤ አራተኛ ክፍል ሁለተኛ ወጥታ ደርዘን ደብተር ተሸልማ፣ ደብተሩን ሳትጽፍበት ከራስጌዋ አስቀምጣው ኖራለች። ሰኔ ላይ ልጆቹ ካርዳቸውን እያውለበለቡ በደጃችን ሲያልፉ፣ በመስኮት ታያቸውና ማን ስንተኛ እንደወጣ ትጠይቃለች፤ ሲነግሯትም «ጎሽ!» ትላለች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች።

ያን ጊዜ እህቴ ጥሩዬ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ የአሠሪዎቿ ልጅ የሰለቸውን ታብሌት፣ ጥጉ የተሰነጠቀ፣ ለእናኑ ላከችላት። ዘፈን የለው ፊልም የለው፤ ኢንተርኔት የሚሉትም ነገር ያኔ በእኛ ቤት የለም። ያ የዐረብ ልጅ ያጠፋውን ሁሉ አጥፍቶ፣ አንድ ጨዋታ ብቻ ረስቶበታል። ቤዝቦል ይሉታል። ከደብረ ማርቆስ እስከ ደምበጫ ያንን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም፤ እናኑ ብቻዋን ተቀምጣ፣ እየነካካች፣ እየተሸነፈች፣ በአባትሽ መዝገበ ቃላት እንግሊዝኛውን እየፈታች ሕጉን አወጣችው።

እኔ እንዝርቴን ይዤ አልጋዋ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ እሷ ታስረዳኛለች። አንዱ ወፍራም ዱላ ይዞ ይቆማል፣ ሌላው ኳስ ይወረውርበታል፣ ከመታ ዱላውን ጥሎ ይሮጣል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቦታ ረግጦ፣ ተመልሶ ከተነሣበት ከደረሰ ነጥብ ነው።

«ከተነሣበት ለመመለስ ነው ይኸ ሁሉ ሩጫ?» አልኳት።

«አዎ።»

«እዚያው ቢቀመጥስ?»

«እምዬ፣ አንቺን ያሰለፈ ቡድን አለቀለት!» ብላ በሳቅ ፍርስ አለች፤ እኔ ሳቁ ትንፋሿን እንዳያሳጥራት ፈርቼ ተቆጣኋት።

በጨዋታው ውስጥ ከሷ ቡድን አንድ ቀይ ጢም ያለው፣ ቦርጫም፣ ሁልጊዜ የሚያላምጥ ሰውዬ ነበር። ሲቆም ግርማው ሌላ ነው። ልጅ ሳለሁ የማውቃቸውን ባላባት ስለመሰለኝ ግራዝማች አልኩት፤ ስሙ በዚያው ጸና። ሳላስበው አንቱም አልኩት። ግራዝማች የሳቱ እንደሆነ፣ «ኧረ ምነው ግራዝማች፣ ዛሬ እጅዎ ሰነፈ?» እላለሁ፤ እናኑም ድምፅዋን ወፍራም አድርጋ «ቁርስ ሳትሰጡኝ!» ትለኛለች። የመቱ እንደሆነ ሁለታችንም እልል እንላለን፤ ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ ብቅ ይላል። ይሩጡ ስላቸው እሷ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ተመልሰው ከቤታቸው ሲደርሱ ነው ትንፋሿን የምትለቀው። ግራዝማች በሷ ፋንታ ይሮጡ ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

ከጨዋታው ኋላ ሌላ ገጽ አለ። ስድስት በስድስት የተደረደሩ ትናንሽ ሣጥኖች ናቸው፤ ሲጀመር ሁሉም ጥቁር ነበሩ፤ ያ የዐረብ ልጅ አንዷንም አላበራም፤ ሰንፎ ይሁን ጠግቦ እንጃ። በየሣጥኑ ሥር አድርግ የተባለው ነገር ተጽፏል፤ ያንን ያደረገ እንደሆነ ሣጥኗ ውስጥ የወርቅ ዋንጫ ትበራለች። አንዷ በአንድ ጨዋታ ሦስት ጊዜ ከአጥር ውጭ መምታት ነው፤ አንዷ ከወዲያኛው ቡድን አንድም ሰው አንዲት ቦታ ሳያስረግጡ መጨረስ፤ ይኸችኛዋ ክረምቱን ሙሉ ፈጀችባት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ግን ዋንጫዎቹን በቦታቸው አውቃቸዋለሁ፤ ከላይ ሦስተኛዋ በልደቷ ቀን የበራችው፣ መሐል ያለችው ደሟ አንሶ የተኛች ጊዜ ያገኘቻት። እነዚያን ተሸልማ ሳትጽፍባቸው ያስቀመጠቻቸውን ደብተሮች የከፈተችው ያን ጊዜ ነው፤ እያንዳንዷን ዋንጫ ሥላ፣ ሥሯ ቀኑን ትጽፋለች። ሐኪም ቤት ስንሄድ እንኳ ነርሷን፣ «ሃያ አራት ደርሻለሁ» ትላታለች፤ ነርሷም ዕድሜዋን የነገረቻት መስሏት እኔን ታየኛለች።

በበዓል ቀን ታብሌቱ ያርፋል፤ ይኸ የቤታችን ደንብ ነበር። እኔ አልፈትልም፣ እሷ አትጫወትም። ሽልማት የሚያስገኝ ነገር ሥራ ነው ብዬ ነው፤ ሲደክማት አያለሁ፣ ሲያልባት አያለሁ፣ ታዲያ ሥራ ካልሆነ ምንድን ነው? ማንንም አልጠየቅሁም። እሷም እሺ ብላ በማግሥቱ ትቀጥላለች፤ ጠብ አልነበረንም፤ ሠላሳ አምስቱ ዋንጫ እስኪበራ ድረስ።

ሠላሳ ስድስተኛዋ፣ ከታች ጥጓ ላይ ያለችው፣ የቀለለች መስላን ለመጨረሻ የተውናት ናት። መምታት የለ፣ ማሸነፍ የለ፤ ጨዋታውን ሠላሳ ቀን ሳያቋርጡ በየቀኑ መክፈት ብቻ ነው፤ አንድ ቀን የተዘለለ እንደሆነ ቆጠራው ተመልሶ ከአንድ ይጀምራል። እናኑ የግድግዳውን ካሌንደር አውርዳ አልጋዋ ላይ ዘርግታ፣ ሥላሴን፣ ሚካኤልን፣ ኪዳነ ምሕረትን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን፣ መድኃኔዓለምን፣ ባለእግዚአብሔርን፣ ቅዳሜና እሑዱን ስትሰርዝ ዋለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እምዬ፣ ያንቺ ዓመት ውስጥ ከአምስት ቀን በላይ የሚሄድ መንገድ የለም» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

በዚያው ሰሞን ነው ከአዲስ አበባ የተደወለልን። ዓመት ስንጠብቀው የነበረው ተራ ደርሷል፤ ደረቷ ተከፍቶ የልቧ በር ሊጠገን ነው፤ ኅዳር ሃያ አንድ ቀን እዚያ ተገኙ አሉን። እናኑ ካሌንደሩን ድጋሚ አየች። ከጥቅምት ሃያ ጀምራ እስከምንነሣበት ዋዜማ ድረስ ብትቆጥር ልክ ሠላሳ ቀን ይሆናል። ጨርሳው ልትሄድ ፈለገች። ለምን እንደፈለገች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ጥቅምት ሃያ ጀመረች። በማግሥቱ ማርያም ናት፤ ብርድ ልብስ ተከናንባ ከሥሩ ብርሃን አየሁና እንዳላየ አለፍኩ። ጊዮርጊስንም አለፍኩ፣ መድኃኔዓለምንም፣ ሰንበቶቹንም አለፍኩ፤ ልጅ ናት፣ ታማሚ ናት፣ እኔ አላየሁም፣ እያልኩ ለራሴ። እሷም እንዳየሁ ታውቃለች፤ ጠዋት ስትነሣ ጉንጬን ትስመኛለች፤ ለምን እንደምትስመኝ ሳንነጋገር። ከገጠር ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ ቀለል ያለኝ ወር አላውቅም።

ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ ሃያ ሦስተኛዋ ቀን ነው። የዋዜማውን ቀን ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን እየጠረገ ሲከምር፣ ልቤ መሸበር ጀመረ። እኔ ነገ የሚካኤል ደጅ ቆሜ ልጄን ማርልኝ ልል ነው፤ ቤቴ ደግሞ ቀኑ እየተሻረ? ሌላው ሌላ ነው፤ ሚካኤልን እኔ አውቀዋለሁ። ያ አራሚ ታየኝ፤ ሚስቱ ባዶ ገል ይዛ ታየችኝ። ጠዋት ገና ሳይነጋ ታብሌቱን ከራስጌዋ አንሥቼ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩትና ቁልፉን መቀነቴ ላይ ቋጠርኩ። ነጠላዬን ስለብስ ነቃች። እጇ ትራሱ ሥር ገብቶ ፈለገ፤ ከዚያ አየችኝ።

«እምዬ፣ አልጫወትም። ከፍቼ መዝጋት ብቻ።»

«መክፈቱስ ያው አይደለም?»

«አንቺ በበዓል ቀን ወጥ ትሠሪ የለም?»

«እሱ ለሆድ ነው።»

«ይኸስ ለልቤ ነው።»

መልስ ሳጣ እቆጣለሁ፤ አመሌ ነው። «ደረትሽ በቢላ ሊከፈት፣ ለአንድ ዋንጫ መልአኩን ላስቀይመው?» ብዬ ጮኽኩባት። «ስመለስ ሁሉንም በዓል አከብራለሁ፤ ዛሬን ብቻ» አለች፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው። ቁልፉ እዚህ ወገቤ ላይ ነበር። በሩን ዘግቼ ሄድኩ።

ኅዳር ሚካኤል ከተማው በሙሉ በጭስ ይታጠናል፤ በየደጁ የተከመረው ቆሻሻ ይቃጠላል፣ በሽታ ይውጣ ተብሎ። እኔም በዚያ ጭስ ውስጥ እያሳለኝ ሄጄ፣ ግንባሬን መሬት ላይ አድርጌ፣ ይኸው ቀንህን አከበርኩልህ፣ አንተም ልጄን ጠብቅልኝ ብዬ መጣሁ። ብርታት ተሰምቶኝ ነበር፤ አልዋሽሽም፤ ነገሩን የጨረስኩት መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ታብሌቱን ሰጠኋት። ከፈተችው፤ አየችው፤ አዙራ አሳየችኝ። «አንድ ይላል» አለችና መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። አባትሽ ማታ ሲመጣ፣ «ለዚህ ነው የምታዝኚ? ቀኑን እኮ በእጅ መቀየር ይቻላል፤ ሠላሳ ቀን አሁን በደቂቃ እሞላልሻለሁ» አላት። «ያልዋልኩትን ቀን ዋልኩ ብዬ?» አለችው። ዳግመኛ አልነካችውም። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድም «ይቀመጥ፤ ስመለስ እጀምረዋለሁ» አለች። አልተቀየመችኝም፤ ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር። ዐባይ በረሃን ስንወርድ ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር፤ ላቧን እየጠረግሁ ወረድን።

ሐኪሞቹ ሳምንት ያህል መረመሯት፤ ከዚያ ቀኑ ለሃያ ዘጠኝ ነው አሉኝ። ባለእግዚአብሔር። በዓል ነው እኮ አላልኩም። ያቺ በሚካኤል ቀን ጣት አይነሣም ያልኩት ሴት፣ ሐኪሞቹ እጃቸውን ታጥበው ሲገቡ እያየሁ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ብዬ አልተነፈስኩም። ሥሩ፣ ብቻ አድኑልኝ አልኩ። ለዚያ ጊዜ ሥራ ተፈቀደልኝ። እናኑ በተሽከርካሪ አልጋ ስትገባ እጇን አወዛወዘችልኝ፤ ከዚያ በር አልወጣችም። የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል፤ ልቧ ዘግይቶ ነው የደረሰው አሉኝ። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር።

ገና የዋለው እኔ ከል ለብሼ መሬት ተቀምጬ ነው። አርባዋን በጥር አወጣን። የንስሐ አባቴ ፍትሐቱን ጨርሰው፣ ሰው ሲበተን ብቻቸውን አጠገቤ ተቀመጡ፤ ያን ጊዜ ነው ነገሩን ሁሉ ያወጣሁላቸው። ሰንበቱን እንዳላየ አሳልፌላት ነበር፣ ማርያምን አሳልፌላት ነበር፣ ለዚያ ይሆን ወይ የተቀጣሁት አልኳቸው። የጠየቅኋቸው ስላሳለፍኳቸው ቀኖች እንጂ ስለከለከልኳት ቀን አልነበረም።

አባ ታብሌቱን አምጪ አሉኝ፤ ከፍቼ ግራዝማችን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠጋ ብለው አዩት።

«ይኸ ጨዋታ ነው እንዴ፣ ልጄ?»

«አዎ አባ። ግን ሽልማት አለው።»

«ቢኖረውስ? በዱላ ኳስ መምታት አይደል? ባለፈው በልደት ቀን ወንዶቹ ሜዳ ላይ ገና ሲመቱ ጩኸታቸውን አልሰማሽም? እኔስ ዲማ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ከቅዳሴ ወጥቼ ስመታ አልነበረም? ልጅ በበዓል ቀን ካልተጫወተ መቼ ሊጫወት ነው? ኃጢአት የለብሽም፤ ቀኑንም አልሻራችሁም፤ ሰላም ሁኚ።»

ሊያጽናኑኝ ነው። ደግ ሰው ናቸው፤ እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ደገሙልኝና ሄዱ። እኔ እዚያው ቀረሁ። ኃጢአት ከሌለበት፣ ያን ጠዋት የቆለፍኩት ለምንድን ነው? መልአኩ ያላለውን እኔ በስሙ ብዬ፣ ልጄን ሃያ ሁለት ቀኗን ቀማኋት። ኃጢአተኛ ነሽ ቢሉኝ ንስሐ እገባ ነበር፤ ጥፋት የለብሽም ለተባለ ሰው ንስሐውም የለም።

በማግሥቱ፣ የከተራ ዕለት፣ ታብሌቱን ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ማንንም አልጠራሁ፤ የትኛው ቦታ እንደሚነካ እጇን አይቼ አውቀዋለሁ። ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ለአባ ከከፈትኩበት ቀን ጋር ሁለት ባቄላ ጣሳ ውስጥ ጣልኩ። የጥምቀት ዕለት ከፈትኩ። ሚካኤል ነው፣ ከፈትኩ። ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን፣ ሰንበትን አንዱንም አልዘለልኩም፤ መብራት በጠፋ ቀን ተሸፋፍኜ ከጎረቤት ጎረቤት ይዤው ዞሬያለሁ። የአገሩ ሰው ለቅሶዋ ሊወጣላት አልቻለም ይላል። የካቲት ላይ፣ በሠላሳኛው ባቄላ፣ ጥጓ ላይ ያለችው ሣጥን በራች። ሠላሳ ስድስቱም በሩ። ደብተሯን አውጥቼ ልሥላት አሰብኩና እርሳስ አያያዝ እንደማልችል ትዝ አለኝ፤ የመጨረሻው ገጽ ባዶውን ነው።

ደስ ይለኛል ብዬ አልነበረም፤ ምናልባት ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነው። አልቀለለኝም። ሠላሳ ቀን ሙሉ ስሠራው ሌላ ነገር ነው የተማርኩት። መክፈቻውን መንካት፣ ገጹ እስኪመጣ መጠበቅ፣ መዝጋት፤ በቃ፤ ይኸው ነው። አንድ ክብሪት ተጭሮ እስኪጠፋ ያህል እንኳ አይቆይም። ነጠላዬን እስክለብስ ትጨርሰው ነበር። አጠገቧ ቆሜ ብጠብቃት፣ ከቅዳሴውም አልዘገይም ነበር።